ከሊማሊሞ እስከ ዳሎል፦ ኢትዮጵያን በከፍታዋ ማወቅ

ከደባርቅ ከተማ ማለዳ የሚነሳ መንገደኛ ጋቢውን ደርቦ ነው ተሽከርካሪ ላይ የሚሳፈረው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብስና ባቄላ ተዘርቷል። ጥቂት እንደተጓዘ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ይጀምራል። ተሽከርካሪው ገደሉን እየታከከ ቁልቁል ሲወርድ መጀመሪያ ጋቢው ከትከሻ ላይ ይነሳል፤ ቀጥሎ ሹራቡ ይወልቃል። ዛሪማ ሲደርስ ግንባሩ ላብ አውጥቷል። ከመስኮቱ ውጭ ገብሱ በጤፍ፣ ጤፉም በማሽላ ተተክቷል። መንገደኛው የተጓዘው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ሌላ አገር የገባ ያህል ይሰማዋል።

ለአርሶ አደሩ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ደገኛው ገብሱን ይዞ ቆላ ገበያ ሲወርድ፣ ቆለኛውም በርበሬውንና ጥጡን ጭኖ ደጋ ሲወጣ ዘመናት አልፈዋል። ኢትዮጵያን ሊጎበኝ ለሚነሳ ሰው ግን፣ የውጭ ዜጋም ሆነ የከተማ ነዋሪ፣ ከሁሉ የሚቀድመው ትምህርት ይኸው ነው። የአገሪቱን መልክዓ ምድር፣ ሕዝቦቿንና ቅርሶቿን ለመረዳት የአየር ንብረት ከፍታዎቿን ማወቅ ያስፈልጋል። ከተሞቹ ለምን እዚያ ተቆረቆሩ? እርከኑ ለምን ተሠራ? ጨው ለምን ገንዘብ ሆነ? መልሱ በአብዛኛው ከከፍታ፣ ከዝናብና ከአፈር ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ጽሑፍም አንባቢውን ከውርጩ ተራራ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየወረደ እስከ በረሃው ያደርሰዋል።

ምድሯ እንዴት ተሠራች?

ኢትዮጵያ ከ1 ነጥብ 1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አላት። በኤርትራ፣ በጂቡቲ፣ በሶማሊያ፣ በኬንያ፣ በደቡብ ሱዳንና በሱዳን ትዋሰናለች። ከፍተኛው ጫፏ ራስ ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ 500 ሜትር ይልቃል። ዝቅተኛው ሥፍራዋ በአፋር ክልል የሚገኘው የዳናክል ረባዳ ምድር ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በታች 125 ሜትር ገደማ ይወርዳል።

የሰሜኑ ደጋ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ በተነባበረ ቅልጥ ዓለት ነው። የስሜንን ገደል ፊት ለፊት ያየ ሰው ንብርብሩን እንደ እንጀራ በእንጀራ ላይ ይቆጥረዋል። አርሶ አደሩ ዋልካ የሚለው ጥቁር አፈርና ቀዩ አፈር በአብዛኛው የዚሁ ዓለት ልጆች ናቸው፤ ድንጋዩ በዝናብና በፀሐይ እየተፈረካከሰ ብዙ ሺህ ዓመታት ፈጅቶ አፈር ሆነ።

ከዚያም ምድሪቱ ተሰነጠቀች። ታላቁ የስምጥ ሸለቆ ከአፋር ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ በመዝለቅ ደጋውን ለሁለት ከፈለው። በአንድ ወገን የሰሜንና የምዕራቡ ደጋ፣ በሌላው ወገን የአርሲ፣ የባሌና የሐረርጌ ከፍታዎች ቀሩ። በመካከላቸው እነዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ ዓባያና ጫሞ የተባሉት ሐይቆች ተቀመጡ።

ወንዞቹም መንገዳቸውን ያገኙት ከዚሁ አቀማመጥ ነው። ዓባይና ተከዜ ወደ ሱዳን፣ ዋቤ ሸበሌና ገናሌ ወደ ሶማሊያ፣ ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይፈስሳሉ። አዋሽ ብቻ አገሩን ሳይለቅ በአፋር ምድር ሰምጦ ይቀራል። እነዚህ ወንዞች በክረምት ሲደፈርሱ የሚወስዱት ቀለም የአርሶ አደሩ አፈር ነው። ይህን ጉዳይ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አምስቱ የአየር ንብረት ደረጃዎች

ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። አባቶቻችን መለኪያ መሣሪያ ሳይኖራቸው ይህንን በእጃቸው ከሚያበቅሉት ሰብል ተረድተው ምድሪቱን ከፋፍለዋታል። በግብርና ትምህርት እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት ክፍፍል ይኸው የእነርሱ ነው።

ከ500 ሜትር በታች ያለው በረሃ ይባላል። ከ500 እስከ 1 ሺህ 500 ሜትር ያለው ቆላ ሲሆን፣ ማሽላ፣ ሰሊጥና ጥጥ ይበቅልበታል። ከ1 ሺህ 500 እስከ 2 ሺህ 300 ሜትር ያለው ወይና ደጋ የጤፍ፣ የበቆሎና የቡና አገር ነው። ከዚያ በላይ እስከ 3 ሺህ 200 ሜትር ደጋ ነው፤ ስንዴው፣ ገብሱና ባቄላው ከዚህ ይገኛል። ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ያለው ውርጭ የሚባለው ሲሆን ከገብስ በቀር እምብዛም ሰብል አይችለውም። ልኬቱ እንደ አካባቢው ዝናብ ጥቂት ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል።

በእነዚህ ከፍታዎች ላይ ከ80 በላይ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ይኖራሉ። ቋንቋዎቻቸውም በአራት ወገን ይመደባሉ፤ ሴማዊ፣ ኩሻዊ፣ ኦሞአዊና ናይሎ ሳህራዊ ናቸው። ተራራና ሸለቆ ሕዝቡን እየለያየ ለየራሱ ወግና ቋንቋ ቢሰጠውም፣ ገበያ መልሶ አገናኝቶታል። አንዱ የሌለውን ሌላው ያበቅላልና።

ውርጩ፦ የውኃው ጎተራ

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባሕል ድርጅት (ዩኔስኮ) የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያ ሥፍራዎች አንዱ ነው። ዋልያ ከዚህ ተራራ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም የኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ ተመዝግቧል። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የተዘረጋው የሳነቴ አምባና ከሥሩ ያለው የሐረና ጥቅጥቅ ደን በአንድ ተራራ ላይ ይታያሉ። የደጋ አጋዘንም መኖሪያው እዚያ ነው።

ለጎብኚ ጅብራውና እንስሳቱ ያስደንቁታል። ለአርሶ አደሩ ግን የውርጩ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። የጓሳ ሣሩና የአስታው ቁጥቋጦ የክረምቱን ዝናብ ይይዛል፤ በበጋም ቀስ እያለ ወደ ምንጭ ይለቀዋል። ውርጩ ሲራቆት የታችኛው ምንጭ ይደርቃል።

ይህን ቅርስ መጠበቅ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው በአብዛኛው ጎረቤቱ ነው። የስሜን ፓርክ በእርሻና በልቅ ግጦሽ ጫና፣ በዋልያ ቁጥር መመናመን ምክንያት በ1996 እ.ኤ.አ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር። ከመዝገቡ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ቀያቸውን ለቅቀው ደባርቅ ሠፍረዋል። ዛሬ በግጭ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚደነቅ ጎብኚ የቆመበት ሣር የማን ማሳ እንደነበረ ቢያውቅ መልካም ነው።

በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጓሳ ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። የመንዝ ሕዝብ ጓሳውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አንስቶ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው እንደኖረ ይነገራል። ሣሩ ለዓመታት ይከለከላል፤ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲመጣ በስምምነት ይከፈትና ሁሉም ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብቱ ያጭዳል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ በኋላ ላልቶ ሣሩም ተጎድቶ ነበር። በኋላ ሕዝቡ በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቋቋመው። ቀይ ቀበሮ ዛሬም በዚያ ይኖራል፤ አርሶ አደሩም ሣሩን ያጭዳል።

ነገሥታቱ ለምን በአንድ ከፍታ ላይ ተገናኙ?

የአክሱም፣ የላሊበላና የጎንደር ዘመን የተለያየ ነው። ሆኖም ሦስቱም የተቆረቆሩት ከ2 ሺህ እስከ 2 ሺህ 500 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባም ከዚያው ትመደባለች። ይህ እንዲያው የሆነ አይመስልም። ከፍታው የቆላ ወባ እምብዛም የማይደርስበት፣ ዝናቡ በቂ የሆነበት፣ በሬ ጠምዶ ጤፍና ስንዴ ማረስ የሚቻልበት ነው። ግንበኛ፣ ካህን፣ ጸሐፊና ወታደር የሚበሉት ከአራሹ የተረፈውን እህል ነውና፣ ትርፍ እህል በሌለበት ከተማ ሊቆም አይችልም። እያንዳንዱ ሐውልትና ቤተ መንግሥት ሥር የገበሬ ጎተራ አለ ማለት ነው።

በአክሱም ከአንድ ድንጋይ ተጠርበው የተሠሩ ሐውልቶች ይገኛሉ። ከመካከላቸው ትልቁ 33 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ወድቆ ተሰባብሯል። 24 ሜትር የሚረዝመው ሌላው ሐውልት በ1937 እ.ኤ.አ በፋሺስት ጣሊያን ወደ ሮም ተወስዶ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 በቀድሞ ቦታው ተተክሏል።

በላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ ዓለት ተፈልፍለዋል። ሥራቸው የሚነገረው ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከ13ኛው መጀመሪያ ጋር ነው። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቀው ጣሪያውንና ግድግዳውን ነው። የግብርና ሰው ዓይን ያለው ግን ወደ ቦዩ ይመለከታል። ጠራቢዎቹ የክረምቱ ውኃ ሕንፃዎቹን ሳያጥለቀልቅ እንዲወጣ ጉድጓዱንና ቦዩን በቁልቁለት ሠርተውታል። ለዓለቱ ዋነኛው ጠላት ውኃ መሆኑን ያውቁ ነበር። ዛሬም በዓለቱ ስንጥቅ የሚገባው ዝናብ የቅርሱ ትልቅ ሥጋት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ በአንዳንዶቹ ላይ ከለላ የተሠራውም ለዚሁ ነው።

በጎንደር አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጀመሩት የአብያተ መንግሥታት ግቢ 900 ሜትር በሚረዝም አጥር ተከብቦ ይገኛል። ከጎንደር ወደ ደቡብ ሲጓዙ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ጣና ይገኛል። 37 ደሴቶች ያሉት ሲሆን፣ በበርካቶቹ ላይ ጥንታውያን ገዳማት አሉ። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው በባሕር ዳር ከተማ ነው። ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆም በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወርዳል።

በዚሁ አካባቢ በተለይም በደቡብ ጎንደር ሜዳ ላይ የሚጓዝ ሰው በእርሻ መሐል እዚህም እዚያም ክብ ክብ ደኖችን ያያል። በእያንዳንዱ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ዙሪያው ታርሶ ባለቀበት ምድር የዝግባው፣ የወይራውና የጽዱ ዘር የተረፈው በእነዚህ አጸዶች ውስጥ ነው። በቅርስ መዝገብ ላይ ባይሰፍሩም ቅርስ ናቸው።

ማሳው ራሱ ቅርስ የሆነበት

በደቡብ ኢትዮጵያ ሁለት ሥፍራዎች ለአርሶ አደር አንባቢ ልዩ ትርጉም አላቸው። አንደኛው በ2011 እ.ኤ.አ የተመዘገበው የኮንሶ ባሕላዊ መልክዓ ምድር ነው። አገሩ ደረቅና ድንጋያማ ነው። ኮንሶዎች ድንጋዩን ከማሳቸው እየለቀሙ ያለ ጭቃና ያለ ስሚንቶ እርከን ሠሩበት። አንዳንዱ እርከን እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ሥራው 21 ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመታት በላይ ተሻግሯል። እርከኑ አፈሩን ይይዛል፣ ዝናቡን ያሰርጋል፣ የተረፈውን ውኃ ደግሞ በሥርዓት ያስወጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ሥራ አይደለም፤ በየክረምቱ የተናደው በየበጋው ይጠገናል።

ሁለተኛው በ2023 እ.ኤ.አ የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ነው። ጌዴኦዎች የሚኖሩት በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ባለ ተዳፋት ምድር ነው። ብዙ ሕዝብ ይኖርበታል፤ ሆኖም ምድሩ አልተራቆተም። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከዛፎቹ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና በደረጃ ይበቅላሉ። ዝናቡ መሬት ከመድረሱ በፊት ሦስት ጊዜ በቅጠል ላይ ያርፋል። በዚህ ምክንያት ጎርፉ አቅም አያገኝም።

በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ በየቀበሌያችን ለተፋሰስ ሥራ ወጥተን እርከን ስንሠራ የምናደርገው ነገር ኮንሶ ላይ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እነርሱ የሠሩትን መጠገን አላቋረጡም።

ቆላና በረሃ፦ የንግዱ በርና የሰው ዘር መነሻ

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 885 ሜትር ላይ፣ በደጋውና ወደ ባሕሩ በሚወርደው ቆላ መካከል ትገኛለች። የቆመችበት ከፍታ የነጋዴ ከፍታ ነው። የደጋው ምርት ወደ ባሕር የሚወርድበት፣ ከባሕር ማዶ የመጣውም ወደ ደጋ የሚወጣበት በር ነበረች። የጀጎል ግንብ በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአምልኮ ሥፍራዎችን አቅፎ በ2006 እ.ኤ.አ ተመዝግቧል።

ከዚያ ወደ ሰሜን የአፋር ምድር ይዘረጋል። በታችኛው አዋሽ ሸለቆ ሐዳር በተባለው ሥፍራ በ1974 እ.ኤ.አ የ3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ ተገኘች። ዛሬ በረሃ የሆነው ያ ምድር በድንቅነሽ ዘመን ውኃና ዛፍ ነበረው። በዳናክል ደግሞ ኤርታ አሌ የተባለው እሳተ ገሞራና የዳሎል ባለ ብዙ ቀለም ምድር ይገኛሉ። የጨው ሠራተኞች በጠራራው ፀሐይ ጨዉን በእጅ እየቆረጡ በግመል ይጭናሉ። በደጋ ገበያዎች እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረው አሞሌ ጨው መነሻው ይህ በረሃ ነው።

ከእነዚህ ሌላ የታችኛው ኦሞ ሸለቆ፣ የጢያ ትክል ድንጋዮችና በ2024 እ.ኤ.አ የተመዘገበው የመልካ ቁንጡሬና ባልጪት ሥፍራ አሉ። በጠቅላላው እስከ 2024 እ.ኤ.አ ድረስ 12 የኢትዮጵያ ሥፍራዎች በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሁለቱ የተፈጥሮ ሲሆኑ ቀሪዎቹ የባሕል ናቸው። ከማይዳሰሱት ቅርሶች ደግሞ የመስቀል በዓል፣ የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላ፣ የገዳ ሥርዓት፣ ጥምቀትና የሐረር ሹዋሊድ ተመዝግበዋል።

መንገደኛው ምን ይያዝ? ባለአገሩስ ምን ያግኝ?

ለጉዞ የሚመረጠው ጊዜ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ነው። ምድሩ አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱም ደረቅ ይሆናል። ገናን በላሊበላ፣ ጥምቀትን በጎንደር ለማክበር የሚሻ ማደሪያውን አስቀድሞ ይያዝ። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የሚወጣ ሰው ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ሊያጋጥመው ስለሚችል በመጀመሪያው ቀን ይረፍ። ወደ ቆላ የሚወርድ ደግሞ አጎበርና በቂ ውኃ አይለየው። ብርድ ልብስና ስስ ልብስ በአንድ ሻንጣ መያዝ በሌላ አገር ያስቅ ይሆናል፤ በኢትዮጵያ ግን ጥበብ ነው።

ከሁሉ በላይ መንገደኛው ገንዘቡን በመንደር ቢያወጣ ይመረጣል። የአካባቢውን አስጎብኚ መያዝ፣ በቅሎውን ከባለአገሩ መከራየት፣ የአገሬውን ምግብ መብላት ቅርሱን መጠበቅ ነው። ጎብኚ ሲመጣ ሆቴሉ እንቁላሉን፣ ድንቹንና ማሩን ከአርሶ አደሩ ይገዛል። ጎብኚ ሲቀር ጉዳቱ ከአስጎብኚው አልፎ እስከ ጓሮው ይደርሳል። በኮሮና ወረርሽኝና ተከትሎ በመጣው ግጭት የላሊበላ ነዋሪዎች ይህንን በኑሯቸው አይተውታል። ሰላም ለቅርስ የመጀመሪያው አጥር ነው።

የሚቀረው የአፈሩ ጉዳይ ነው። ከስሜን ተዳፋት አፈር የሚያጥበው፣ በላሊበላ ዓለት ስንጥቅ የሚገባው፣ የኮንሶን እርከን የሚፈትነው አንድ ዓይነት የክረምት ዝናብ ነው። የጥንት ሰዎች አንዱን በሣር፣ አንዱን በቦይ፣ አንዱን በእርከን መለሱት። ከቅርስ አጠገብ ያለ ማሳ ሲራቆት ጎርፉ ሁለቱንም ይወስዳል። ስለዚህ በቅርስ አካባቢ የሚኖር አርሶ አደር ከተዳፋቱ በላይ ያለውን ቁጥቋጦ ባይመነጥር፣ የውኃ መውረጃ ቦይ ባይደፍን፣ ከጥንት ግንብ ድንጋይ ለአጥር ባያነሳ፣ የናደውንም እርከን ከክረምት በፊት ቢጠግን ለራሱም ለቅርሱም ይበጃል። መንግሥትና የቱሪዝም ተቋማትም ከመግቢያ ክፍያው ለጠባቂው መንደር የሚገባውን ድርሻ ሊያስቡበት ይገባል። የቤቱን ክዳን፣ የከብቱን መኖ ወይም ቀዬውን ለቅርሱ የተወ ሰው ከቅርሱ መጠቀም አለበትና።

ከሊማሊሞ በታች ላብ ያጠመቀው መንገደኛ ማታ ጋቢውን አጣጥፎ ሲያስቀምጥ አገሪቱን በከፊል አውቋታል። ቀሪውን የሚያውቀው ከገብሱ እስከ ሰሊጡ ያየውን ማሳ ማን እንዳረሰው፣ አፈሩንም ማን እንደያዘው ሲጠይቅ ነው።